ከዓሣው መሀል የተሸጎጠው ደም

ብርድን በተመለከተ እኔን የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም። አባዬ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ያደግኩት የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው። እኛ ቤት ደግሞ የማይቀዘቅዝ ነገር የለም። የእማዬ የእግር ቅባት ሳይቀር ፍሪጅ ውስጥ ነው።

አሁን ግን የላብራቶሪዋ ሴትዮ የአባዬን ደም የያዘውን ብልቃጥ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ፊቷን ታጨማድዳለች። አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል፣ በወፍራም የሥራ ኮቱ እንደተጀቦነ። ጠዋት የበረዶው ክፍል ገና ሲገባ ደረቱን ጭምድድ አደረገው። ሐኪሙ «ብርድ የደም ሥር ያጠብባል፣ ልብም ይደክማል። የልብ ጡንቻው ተጎድቶ ከሆነ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ወደ ደም ይፈሳል» አለና ደሙን ቀድቶ ወደዚህ እንዳመጣው ሰጠኝ።

«ኢንዛይሙ ጣሪያ ነክቷል» ትላለች ሴትዮዋ።

አባዬ ቀስ ብሎ፣ «ሥራዬን ልተው ነው ማለት ነው?»

«ቆይ አባባ። ከላይ የሚንሳፈፈው ውኃ ቢጫ መሆን ነበረበት፤ ይሄ የቲማቲም ጭማቂ ነው የሚመስለው።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ ደሙን የት ነበር ያቆየሽው?»

«ለምሳ ዘግታችሁ ነበራ! እንዳይበላሽ ብዬ...»

«ብለሽ?»

«የአባዬ መሥሪያ ቤት ወስጄ ከዓሣው መሀል ሸጎጥኩት። ለአንድ ሰዓት ብቻ!»

እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «የኔ እናት፣ ኢንዛይሙ እኮ ደም ሴሎች ውስጥም አለ። በረዶ ሲሆኑ ፈነዱና ያላቸውን ሁሉ ዘረገፉት። እስካሁን የለካሁት የአባትሽን ልብ አይደለም፣ ያንቺን ጥፋት ነው።»

አባዬ ሌላኛውን ክንዱን ይዘረጋል። «ይሄኛውን ለእሷ እንዳትሰጪብኝ፣ እህቴ።»

አዲስ የተቀዳው ደም የገባበት ማሽን ያጉረመርማል። የወለሉን ንጣፍ እቆጥራለሁ፤ አርባ ሁለት ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ከዚያም እንደገና።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ወረቀቱን አባዬ ጉልበት ላይ ታኖራለች። «ልብዎ አልተጎዳም። ሐኪሙ ግን ይየው፤ ብርድ ውስጥ ሲገቡም ደረትዎን ይሸፍኑ።»

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። «አየህ አባዬ! ደህና ነህ አላልኩህም?»

«አላልሽኝም» ይላል ኮቱን እየቆለፈ። «እጅጌዬ ላይ ንፍጥሽን ስትጠርጊ ነበር።»