የወለቀው ማተብ

ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ወንድሟ፣ «ማተብሽን አውልቀሽ ግቢ፤ ያለ ማተብ የማሉት አይቆጠርም» አላት። ሰው በመኪና ገጭቷል ተብሎ ስለተከሰሰ፣ የዚያን ቀን ቤት አብሯት እንደዋለ እንድትመሰክርለት ፈልጎ ነበር። እሺ ብላ አወለቀችው። ለመማል ቀኝ እጇን ስታነሳ ግን ጥቁሩ ክር ከጣቶቿ መሃል ተንጠለጠለ።

«ምስክር፣ ይማሉ እንጂ» አሉ ዳኛው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ አንዴ ይታገሡኝ።» ማተቧን አንገቷ ላይ መልሳ አሰረችና ማለች። «ወንድሜ የዚያን ቀን ቤት አልነበረም። ማታ የመኪናው መስታወት ረግፎ ሲመጣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።» በክራንች የመጣው ተበዳይ ቀና አለ።

ወንድሟ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን፣ «እውነቷን ነው፤ የገጨሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ የራሱን ማተብ ከኪሱ አውጥቶ አንገቱን ዘንበል አደረገላት።

«ለእኔም እሰሪልኝ።»