አደራ የተሰጠች ብልቃጥ

የፔሮቭስካይት ኳንተም ነጥቦች የሚባሉትን ብርሃን ሰጪ ደቃቅ ቅንጣቶች ውሃ ይገድላቸዋል፤ ብርሃንም ይገድላቸዋል። ወጣቷ ተመራማሪ ውሃውን ድል ነሥታዋለች፤ ለነገ ስክሪኖች ያሰበቻቸው ቅንጣቶች በብልቃጥ ውሃ ተዘፍቀው እንኳ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር እንደ መስከረም ሣር ያበራሉ። ብርሃኑን ግን ገና አላሸነፈችውም፤ ስለዚህ መብራቱን ለቅጽበት አብርታ ወዲያው ታጠፋዋለች። ይህን ጥንቃቄ ያስተማረቻት ውባንቺ ናት፤ የቤተ ሙከራ ታላቋ፣ ለአንዲቱ የዶክትሬት ዕድልም ተፎካካሪዋ።

ለዚህ ዕድል የሚመርጡት ፈታኞች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው የወጣቷ ተመራማሪ እናት ታመው ሆስፒታል ገቡ።

«ሂጂ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል? ብልቃጧን እኔ እጠብቅልሻለሁ» አለቻት ውባንቺ።

«ውቢዬ፣ በሰማይ በምድር አደራ!»

«አንቺ ደግሞ! አደራ በላ መሰልኩሽ እንዴ?»

በማግስቱ ስትመለስ ፈታኞቹ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ብልቃጧ እንደ አጓት ገርጥታለች። ውባንቺ ተጠምጥማባት ከእርሷ ቀድማ አለቀሰች።

«አይዞሽ የኔ እህት! እኔ እንደሆነ ዓይኔን ለአፍታ እንኳ ከእሷ ላይ አልነቀልኩም።»

«እስኪ ለማንኛውም መብራቱን አብሪውና እንየው» አሉ አንደኛው ፈታኝ።

ወጣቷ ተመራማሪ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና የጠፋውን መብራት ልታነሣ ያዘችው። መዳፏን ፈጃት።