የጥጥ ክር

የጀልባው ገመድ መጎተቻ ሞተር እያቃሰተ ገመዱን ሲስብ፣ ሃያ ሰባተኛው ወጥመድ ላይ ሌላ ነገር ተጠላልፎ ወጣ። ፊሎሚና የሰው ዕቃ መስሏት በመንጠቆዋ ጎትታ ወደ ጀልባው ጠርዝ አስጠጋችው። የሸርጣን ወጥመድ ነው። ብረቱ ዝጓል፣ መረቡ ጭቃ ለብሷል፣ ማሰሪያ ገመዱ በሁለቱም በኩል ተበጥሷል። ባሏ ሊያንደር ከመሪው ክፍል ወርዶ የፕላስቲክ መለያ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ አበሰና አነበበው።

"የኛ ነው" አለ።

አምና በሚያዝያ፣ ከሰሜን የመጣ ተንሳፋፊ በረዶ ስድሳ ወጥመድ ያለበትን አንድ ሙሉ ረድፍ ጠርጎ ወስዶባቸው ነበር። ፊሎሚና ወዲያው የመረቡን ስፌት በዓይኗ ፈለገች። ከትናንት ጀምሮ፣ አብሯቸው የሚሠራውን የሊያንደርን ወንድም ጨምሮ፣ የሦስቱም ጎን ፍራሽ አልነካም።

ወጥመዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከላይ ያሉት ሸርጣኖች እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከነሱ ሥር የከሱት፣ ከከሱት ሥር ደግሞ ባዶ ቅርፊት ብቻ ተነባብሯል። የሞተው ማባበያ እየሆነ ሌላውን ሲጠራ፣ የመጣውም በተራው ሲሞት አሥራ ሦስት ወር ሆኗል።

እንዲህ እንዳይሆን ነበር በየወጥመዱ መረብ ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ በጥጥ ክር የሚሰፋው። ወጥመድ ከጠፋ ጥጡ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል፣ መረቡ ይከፈታል፣ ሸርጣኑም ወጥቶ ይሄዳል። ጥጥ ግን መከራ ነው፤ በየዓመቱ ተርትሮ እንደገና መስፋት አለ። ወጥመዶቹ ከመወሰዳቸው በፊት በነበሩት የብርድ ወራት ጣቶቿን ቁርጥማት ቢይዛት፣ ፊሎሚና ወደማይበሰብሰው የናይሎን ክር ጥቅልል ዞረች። አንዴ ሰፍቼ ልገላገል፣ ማን ያያል አለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ የሷ አረም ከባሕር ወለል ተጎትቶ መጣላት።

ሊያንደር ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና ቀና ብሎ ታላቅ ወንድሙን አምብሮዝን አየ። አምብሮዝ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት መልህቁን ሳያስር አንድ ረድፍ ወደ ባሕር ስለለቀቀ፣ ሊያንደር ሌላ ስሕተት ካየሁብህ ከጀልባዬ ትወርዳለህ ብሎታል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከጀልባዋ ከወረደ የሚጠብቀው አንድ ወንበርና አንድ መስኮት እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

"ናይሎን ነው" አለ ሊያንደር። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም። "የሰፋችሁት አንተና እሷ ናችሁ። እሷ ደግሞ እንዲህ አታደርግም።"

አምብሮዝ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየው። ፊሎሚና ግራኝ ናት፤ ቋጠሮዋ እንደ ሌላው ሰው አይዞርም። አርባ ዓመት አጠገቧ ተቀምጦ የሰፋ ሰው ይህን አይስተውም።

"ተሳስቼ ይሆናል" አለ አምብሮዝ። "ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።" ወደሷ ሳያይ ቢላውን አወጣ።

ሊያንደር ነገ ከወደቡ ስንደርስ ዕቃህን ሰብስብ አለው። አምብሮዝ ራሱን ነቀነቀ። ፊሎሚና ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት አማራት። መተኛት ብቻ ነበር የምትፈልገው። ግን የአምብሮዝ እጅ ቢላውን ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ የሷን ቋጠሮ ለመቁረጥ ሲታገል አየችና አፈረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

"የኔ ስፌት ነው" አለች። "ጣቴን ሲያመኝ ጊዜ ነው። እሱን ተወው።"

አምብሮዝ ናይሎኑን ቆርጦ ጨረሰ። በሕይወት ያሉት ሸርጣኖች በተከፈተው መረብ አንድ በአንድ እየወጡ ወደ ውኃው ወደቁ።

"ስንቱን ነው እንዲህ የሰፋሽው?" አለ ሊያንደር።

"በረዶው የወሰደውን ረድፍ በሙሉ።"

"ስድሳውንም?"

"ስድሳውንም።"

ሊያንደር ጓንቱን አወለቀና ከጠርዙ ተደግፎ ወደ ባሕሩ ዞረ። ሁለቱም መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ነፋስ የለም፤ ውኃው ለጥ ብሏል። ከሥሩ፣ የት እንዳሉ ማንም በማያውቅበት፣ ሃምሳ ዘጠኙ ወጥመዶች አሁንም እያጠመዱ ነበር።