ሦስት ምት

ፀዳለ ፍሪድሊ ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዋ ሆና፣ የባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ከተገጠሙ ሴንሰሮች የሚመጣውን የሞተር ድምፅ በማዳመጫ ትሰማለች፤ ሞተሩ ከመበላሸቱ በፊትም ታስጠነቅቃለች። ከመርከቦቹ በአንዱ ላይ የነበረው መካኒክ ኢያሱ ማንኛውንም ነገር ከመክፈቱ በፊት በመፍቻው ሞተሩን ሦስቴ ይመታላት ነበር፤ «እኔ ነኝ፣ ልከፍት ነው» ማለቱ ነው። ባለፈው ጥር ኮምፒውተሩ «ፓምፑ ይፈነዳል» ሲል፣ አለቃዋ ሐጌ መርከቡ እንዳይዘገይ ብሎ ማስጠንቀቂያውን አጠፋው። ፓምፑ ፈንድቶ ኢያሱን ገደለው፤ ሐጌ ደግሞ ጥፋቱን በሟቹ ላይ ለጠፈው። ፀዳለ ጸለየች። ፍርድ እንጂ ምሕረት አልለመነችም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ያው ሦስት ምት መጣ።

«ሐጌ፣ ኢያሱ እየመታ ነው።»

«እትዬ ፀዳለ፣ ጾሙ ጎዳሽ መሰለኝ። ዲሊት አድርጊውና ሥራሽን ሥሪ።»

«ያኔም እንዲህ ነው ያልከው።»

ሐጌ ራሱ ሊያጠፋው እየሳቀ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። የመርከቡ ስም በሚጻፍበት ቦታ «ፍሪድሊ፣ ሁለተኛ ፎቅ» ይላል። ሳቁን አቆመ።

ፀዳለ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ምቱ አልቆመም፤ አሁን የቢሮው በር ላይ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አማተበችና፣ «ክፈተው፣ ኢያሱ» አለች።