አገዳ የለበሰ ማሳ

«ይሄ እርሻ ነው ወይስ የከብት ጋጣ?»

የወረዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ አባተ መሬቱን የሸፈነውን የበቆሎ አገዳ በጫማቸው ገፋ አደረጉት። አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሳቁ።

ሰሚር ጎንበስ ብሎ የተገፋውን አገዳ ወደ ቦታው መለሰ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ እሱ ነው። የማሳውን ባለቤት እትዬ በላይነሽን «ማዳበሪያውን ይተዉት፤ መሬቱን አይቆፍሩት፤ አገዳውን አያቃጥሉት፤ እዚያው ይበስብስ» ብሎ ያሳመናቸው እሱ ነው። ምርቱ ጥቂት ዓመት ይቀንሳል፣ ከዚያ አፈሩ ያገግማል፣ እስከዚያው ለቀለብ የሚሆን ብድር አስፈቅዳለሁ ብሎ ቃል የገባላቸውም እሱ ነው። ሁለት ዓመት አለፈ። ኮሚቴው ዛሬ ከወረዳው ከተማ ከቢታ ገነት የመጣው ለዚሁ ብድር ነው።

ጋሽ አባተ ቅጹን ዘረጉ። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ «የለማ» እና «ያልለማ»። ያረቀቀው ሰው ጓል በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ መሬት የሚነጥቀው ግን የእሱ ሳጥን ነው።

«ያልለማ» አሉ ጋሽ አባተ፣ እስክሪብቷቸውን እያወጡ።

«ኧረ ጋሽ አባተ፣ ከሥሩ ይዩት! አፈሩ እየታከመ ነው።»

«ለአፈር ጤና ጣቢያ ከፈትክለት?» አሁንም ተሳቀ። «ስማ ሰሚር፣ ብድር የሚሰጠው ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ነው። ቁጭ ብሎ ለመብላት ብድር የለም። ያልለማ መሬት ደግሞ ለኢንቨስተር ይተላለፋል። መመሪያ ነው።»

እትዬ በላይነሽ ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ይሰሙ ነበር። ኢንቨስተር የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ በወንድማቸው መሬት ላይ ዛሬ የሌላ ሰው ሻይ ቅጠል በቅሏል። ቤት ገብተው ዶማ ይዘው ወጡ።

«ቁሙ!» አሉ። «እያያችሁ አለማዋለሁ።»

አገዳውን እየገፈፉ መሬቱን በዶማ መቱት።

«እትዬ፣ የሁለት ዓመት ልፋት...» አለ ሰሚር።

«ዝም በል አንተ! ያንተ ደሞዝ ወር ቆጥሮ ይመጣል። እኔ ያለችኝ ይቺው ናት።»

«ልማት ማለት ይሄ ነው!» ጋሽ አባተ ሳጥን ቀይረው ምልክት አደረጉ። «ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ በብድር ተፈቅዶላቸዋል። ና ፈርም።»

ሰሚር ፈረመ።

የተገለበጠው አፈር እንደ ማንኪራ ጫካ አፈር ጥቁር ነው፤ እርጥብ ነው። የበጋው ፀሐይ ሲያርፍበት ወፋፍራም የመሬት ትሎች መጠማዘዝ ጀመሩ። ዶሮዎቹ ከጓሮ እየተሽቀዳደሙ ደረሱ።