ሸንኮራና ቂም

ነጋዴው የታመመች በቅሎውን እየጎተተ የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ሲገባ፣ መርፌ ወጊው ልጅ ሆዱ በገነ። ለምን አይበግን? ሰውየው ገና ባለፈው ወር ነው ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ ልኮ፣ አባቷን በጠጅ አባብሎ የልጁን ፍቅረኛ የነጠቀው።

«ስማ አንተ መርፌ ወጊ፣ ሳንባዋን ነው ያመማት። ለሠርጌ ካልደረሰችልኝ ወየውልህ!»

«ትደርሳለች ጋሼ። በየቀኑ ያምጧት ብቻ።»

ሰውየው ሲወጣ የልጁ የሥራ ጓደኛ ጆሮው ሥር ገባ። «አንተ ገልቱ፣ መድኃኒቱን አብዛባትና አንጀትህ ይራስ!»

«በቅሎዋ ምን አደረገችኝ? የማሳርረውስ የሱን አንጀት ነው።»

ሃያ ቀን ሙሉ እንደ አራስ ተንከባከባት። ጉሉኮስ ሰቀለላት፣ ትኩሳቷን ለካ፣ በእንፋሎት አፍንጫዋን ከፈተላት። መርፌ በወጋት ቁጥር ሸንኮራ ቀጭ አድርጎ ሰብሮ ያጎርሳታል። በኋላማ መርፌውን ስታይ ራሷ አንገቷን ትሰጠው ጀመር።

የሠርጉ ቀን አጀቡ ሆ እያለ በክሊኒኩ በኩል ሲያልፍ፣ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሸንኮራውን ቀጭ አደረገው።

በቅሎዋ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ልጓሟን የያዘውን ሚዜ ገፍትራ ጣለችና፣ ሙሽራዋን ጀርባዋ ላይ እንደተሸከመች ግቢው ውስጥ ጥልቅ አለች። ልጁ በሩን ቀረቀረው።

ነጋዴው ደርሶ በሩን ይደበድብ ጀመር። «በቅሎዬን! አንተ ሌባ፣ በቅሎዬን መልስ!»

ሙሽራዋ መሸፈኛዋን ገልጣ ከኮርቻው ዱብ አለች።

«በል በቅሎውን ስጠው» አለችው።