ቆጵሮስን ያየንበት እሑድ

«አባ፣ ይታይሃል? ባሕሩን እኮ ነው የማሳይህ!»

ይታየኛል። ዓይኔ ግን ባሕሩ ላይ አይደለም። ዓይኔ ያለው ስልኩ ውስጥ ከልጄ ከለሊሴ ፊት ፊት በሚሄደው ረዥም ሰውዬ ላይ ነው። ጠዋት የመኪና በር ሲከፍትላት አየሁ። ቦርሳዋን ሲቀበላት አየሁ። አሁን ደግሞ ድንጋዩ እንዳያዳልጣት እጁን ዘርግቶላታል።

«ማነው እሱ?» ይለኛል ገዳ በክርኑ እየጎሸመኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጠይቃታ!»

«እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ራሷ እስክትናገር ይጠበቃል እንጂ።»

ገዳ ጎረቤቴ ነው። ድሮ እርሻችን ይዋሰን ነበር፣ ዛሬ ጤፍ እንዘራበት የነበረው መሬት ሁሉ ቤት በቅሎበት አጥራችን ይዋሰናል። ሰውዬውን እንዳየሁ ነው በአጥር የጠራሁት። በእኛ ሰፈር በፉሪ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል። ባሕር ማዶ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ልጅቷ ሰውዬውን በስልክ ልታሳየኝ ፈልጋ ነው ብዬ ገመትኩ። ታዲያ ያለ ምስክር አይሆንም። ገዳም ገብቶት ጋቢውን ደርቦ መጣ።

ለሊሴ ቆጵሮስ ከሄደች ስድስት ዓመት አለፋት። አልጋ የያዙ አሮጊት ታስታምማለች፤ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምታርፈው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህች ልጅ እዚያ ሰው አላት ወይ? በጠየቅኳት ቁጥር «ጓደኛማ ሞልቶኛል አባ» ትለኛለች። እሷ እንዲህ ስትል ስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ይሄ ደግሞ የአልዓዛር ቤተክርስቲያን ነው» ትላለች። «ጌታ ካስነሳው በኋላ እዚህ መጥቶ ጳጳስ ሆነ አሉ። የተቀበረውም እዚሁ ነው።»

«ከሞት ተነስቶም ስደት?» ይላል ገዳ። እኛ እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። ሰውዬው ምን እንደሚያስቃት ይጠይቃታል መሰለኝ፣ በቋንቋቸው ትነግረዋለች፣ እሱም ይስቃል። ሲስቅ መልከ መልካም ነው።

«ስሙን ጠይቃት፣ ስም መጠየቅ ነውር የለውም» ይለኛል ገዳ።

እጠይቃታለሁ።

«አንድሬያስ ነው። በእኛ እንድርያስ ማለት ነው» ትላለች።

የሐዋርያ ስም! ገዳ ጉልበቴን ጨበጥ ያደርገኛል። ለሊሴ ስልኩን ለሰውዬው ትሰጠዋለች። እሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ሲል ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ትታየኛለች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነፋሱ ያውለበልበዋል። አቤት፣ እናቷን መምሰሏ! ከሄደች ጀምሮ ፊቷን እንጂ ቁመቷን አይቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። ባርኔጣዬን አውልቄ እነሳለሁ፣ ገዳም ይነሳል።

«ልጄ እንድርያስ! እናቷ በሕይወት ብትኖር ከእኔ በላይ ደስ ይላት ነበር። ልጄን አደራ ሰጥቼሃለሁ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ። ቤታችሁ ሰው አይጉደልበት!»

«አሜን! አሜን!» ይላል ገዳ፣ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ።

ሰውዬው ስልኩን አዙሮ ራሱን ያሳየናል፤ ፈገግ ብሎ ደረቱን በእጁ ይነካል። ለሊሴ ስልኩን ትቀበለዋለች። ከሰውዬው ጥቂት ራቅ ትላለች።

«አባ… አስጎብኚ እኮ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሥራው ነው። አገር ለማየት የመጣን ሰው ያዞራል። ለዛሬ ብዬ የከፈልኩት ነው።»

«ለምን ትከፍያለሽ? ከጓደኞችሽ ጋር አትዞሪም?»

«ሙሉ ቁመትሽን አሳዪኝ ስትለኝ አልነበር?» ትላለች ቀስ ብላ። «ስልክ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።»

ገዳ እጁን ቀስ ብሎ ያወርዳል። ጋቢውን ይሰበስባል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «ውሃ መጥታ ይሆናል፣ በርሜሉን ልይ» ብሎኝ ይወጣል። እሑድ በእኛ ሰፈር ውሃ መጥታ አታውቅም። ጨዋ ሰው ነው ገዳ።

እፍረቱ እኔን ብቻ ቢያገኘኝ ምን ነበረበት! የልጄን ብቸኝነት ነው በሰው ፊት የመረቅኩት።

«አጠፋሁ ልጄ» እላታለሁ።

«ምንም አላጠፋህም አባ። ምርቃትህ ደስ ብሎኛል።»

«ሰውዬውስ ምን አለ?»

«አልተረጎምኩለትም። ‹ስላስጎበኘኸን እናመሰግናለን› ብሎሃል አልኩት።»

የምሳ ሰዓት ነው። ሰውዬው ወደ መኪናው ይሄዳል፣ ከእንግዳ ጋር መብላት አልተፈቀደለትም አሉ። ለሊሴ ባሕሩ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብታ ስልኩን የውሃ ጠርሙስ ላይ ታስደግፈዋለች። ዓሣ ያመጡላታል። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሰው ሞልቷቸዋል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። እሷ ሹካውን ይዛ ዓሣውን ወዲያና ወዲህ ታገላብጠዋለች። ተነስቼ እዚያው ሄጄ አጠገቧ ብቀመጥ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ብዪ እንጂ» እላታለሁ።

«እየበላሁ ነው። አንተስ? ብቻህን ቀረህ እንዴ?»

«ኧረ ምን ብቻዬን! ከገዳ ጋር ነን።»

«ደግ። እስቲ ሰላም ልበለው፣ አሳየኝ።»

ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋዋለሁ፣ ከአገጬና ከግንባሬ ሌላ ምንም እንዳይታያት።

«ገዳ፣ ለሊሴ ሰላም ብላሃለች» እላለሁ፣ ገዳ ተቀምጦበት ወደነበረው ባዶ ዱካ ዞሬ። ሰው መልስ እስኪሰጥ ያህል እጠብቃለሁ።

«እሱም ሰላም ብሎሻል» እላታለሁ።